እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ባሮ ዳር፣ ጋምቤላ
ሰኔ 12 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ፦ እናት ሆና ላሳደገችኝ ለአክስቴ ለወ/ሮ አበዛሽ፣ ሮማ

እቴቴ፣ ካለሁበት ቆላ ሆኜ ካለሽበት ባሕር ማዶ ድረስ እጅ ነስቻለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ያ የምትሠሪበት የመጦሪያ ቤት ደረጃ አሁንም በቀን አሥር ጊዜ ያወጣሽ ያወርድሽ ይሆን? የኪዳነ ምሕረት ጥላ አይለይሽ። እኔ አምላክ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

አገሩ ክልል አሥራ ሁለት ከተባለ ወዲህ ማኅተሙም ሹሙም አዲስ ሆኗል፤ የክሊኒካችን ጣሪያ ግን በነበረበት ያፈሳል። ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ብዙው ጓዙን ጠቅልሎ እየተሳፈረ ነው። እኔም ወደ ደብረ ታቦር እንድዛወር ያመለከትኩት ገና አልተፈረመም። ሲፈረም መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።

ክሊኒኳ ከከተማው ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ናት። ያለነው ሦስት ነን፦ እኔ ጤና ረዳቱ፣ አምና ተመርቃ የመጣችው የአገሩ ልጅ አባንግ፣ ዘበኛም ጽዳትም የሆነው አኳይ። ሦስታችን ብንደመር አንድ ዶክተር አይወጣንም፤ ሰዉ ግን ሦስታችንንም ዶክተር ይለናል። አኳይ ዶክተር ተብሎ ሲጠራ አቤት ይላል እንጂ አይክድም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የልብ ምት የምቆጥርበት ሰዓቴ ቆሟል። ሰከንድ የምትቆጥረዋ ቀጭን ዘንግ ያለችበት ርካሽ ሰዓት ብታገኚ ላኪልኝ። ከዚህ ሌላ የጎደለኝ የለም። ክረምቱ ሲገባ እንደ ወትሮው ትንሽ የሆድ ነገር አለ፤ የሚያሳስብ አይደለም።

ልጅሽ ዘውዱ

ሮማ
ሐምሌ 3 ቀን 1985 ዓ.ም.

ዘውድዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ የዓይኔ ብርሃን፤ እመቤቴ በወጣህበት ትጠብቅህ፣ ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ።

ደብዳቤህ በሦስት ሳምንቱ ደረሰኝ። ስከፍተው ወረቀቱ ጠቃጠቆ በጠቃጠቆ ሆኗል። አብራኝ የምታጥበው ልጅ አየችና “ምስኪን፣ አልቅሶበት ነው” አለችኝ። እኔ ግን እንባ አውቃለሁ። እንባ ቀለሙን ያሰፋዋል እንጂ አይበላውም። ይህ ግን ቀለሙን በልቶ ወረቀቱን ነጭ አድርጎታል። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አሸተትኩት። በረኪና ነው! አሥር ዓመት የሽማግሌ አንሶላ ያጠብኩ ሴት በረኪና ይጠፋኛል?

ደግሞ የተበላው የት ላይ እንደሆነ ታውቃለህ? “እኔ አምላክ ይመስገን” ካልከው ቀጥሎ ያለው ነው። ባዶ ነው። ደህና ነኝ ብለህ ይሆን፣ ሌላ ብለህ ይሆን፣ በምን ልወቅ? በደህና ጊዜ ደብዳቤውን በበረኪና የሚረጭ ሰው አላውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ትንሽ የሆድ ነገር አልከኝ፤ ስንት ሰው ነው የታመመው? ስንት ሞተ? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ሳትሸፋፍን ንገረኝ።

ሰዓቱን ልኬልሃለሁ። ሰከንዱን የሚቆጥረው ዘንግ ቀይ ነው፣ ከሩቅ ይታያል።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ዘንድሮ ፍልሰታን ልጄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ ሳይቀምስ ይጾምልሻል፣ አንቺ ብቻ በደህና መልሽልኝ ብዬ ለእመቤታችን ተስያለሁ። ነሐሴ አንድ እንዳይረሳህ። አደራ!

አክስትህ አበዛሽ

ባሮ ዳር
ሐምሌ 22 ቀን 1985 ዓ.ም.

እቴቴ፣ አፍንጫሽን ጨምሮ ሙሉ ጤና ይስጥሽ። ከአንቺ መደበቅ እንደማይቻል ልጅ ሳለሁ ስኳር ስሰርቅ ነበር ማወቅ የነበረብኝ።

በረኪናውን የሚረጨው አኳይ ነው። ከመጋዘን አሮጌ የፍሊት መርጫ አገኘና በረኪና በውኃ በጥብጦ ሞላበት። አሁን ከበሩ ሳይረጭ የሚያልፍ የለም። ጫማ ይረጫል፣ ቃሬዛ ይረጫል፣ ባለፈው የሰው ፍየል ረጭቶ ተጣልቷል። ደብዳቤውንም “ወደ እናትህ በሽታ ይዞ እንዳይሄድ” ብሎ ነው የረጨልኝ። እናቴ አለመሆንሽን ነግሬዋለሁ፤ “ካሳደገችህ እናትህ ናት” አለኝ።

አዎ፣ በሽታ ገብቷል። እንደ ውኃ የሚያስቀምጠውና የሚያስመልሰው ነው። ስሙን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ደፍሮ የሚጠራው ግን የለም። ጠዋት መረብ ሲጥል ያየሽውን ጎረምሳ ማታ በቃሬዛ ያመጡልሻል፤ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ የእጁ ጣት እንደ አጣቢ ሴት እጅ ተሸብሽቦ። አሥራ ስምንት የሸራ አልጋ አለን፤ መሐላቸውን ቀደን ከሥር ባልዲ አድርገናል። መድኃኒቱ በአብዛኛው ውኃ ነው። ለምለም የሚባለውን ዱቄት በጥብጠን፣ የጎደለውን ያህል ካጠጣናቸው ይነሣሉ። የተዳከመውን ብቻ ግሉኮስ እንተክልለታለን። በዓይኔ ያየሁት ተአምር ነው፤ ሬሳ ያልነው ሰው በማግስቱ ተነሥቶ ትንባሆ ይጠይቃል።

እኛ እንዴት እንደምንችለው ታስቢ ይሆናል። አንድ ደንብ አውጥተናል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሦስታችን ፊት ለፊት ቆመን “ሆድህ ደህና?” እየተባባልን እንጠያየቃለን። መዋሸት ክልክል ነው። አባንግ ሲጨንቃት የመካነ ኢየሱስ መዝሙሯን ታንጎራጉራለች። እኔ የአንቺን ቀይ ዘንግ አያለሁ። ስልሳ እስኪሞላ ሌላ ሐሳብ አይገባኝም፤ ስልሳ ሲሞላ ያኔ ፍርሃቱ ይመጣል። እፈራለሁ እቴቴ። አለመፍራቴን ጽፌልሽ ነበር፣ ቀደድኩት።

ጾሙን እጾማለሁ፤ የአንቺን ስለት አላፈርስም። ጓንት ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ያለንን አጥበን እያሰጣን ነው የምናደርገው። አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራው ጓደኛዬ ሶሊ ይህን ደብዳቤ ወደ ሮማ በሚሄድ ሰው እጅ እልከዋለሁ ብሎኛል።

ልጅሽ ዘውዱ

ሮማ
ሐምሌ 28 ቀን 1985 ዓ.ም.

ልጄ፣ ሰላምታውን አንተው ሙላው።

ደብዳቤህን ያመጣው ሰው አሁን ደረጃው ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ በአጭሩ እነግርሃለሁ። እናትህ በምች ነው የሞተችው ብዬ አሳድጌሃለሁ። ምች አይደለም። በ1963ቱ ነው፣ ይኸው አሁን አንተ በባልዲ የምትቀበለው በሽታ ነው። አንተም ሦስት ዓመት ልጅ ሆነህ ይዞህ ነበር። እሷን ቀብረን ስንመለስ ለእመቤቴ ይህን ልጅ ብቻ ተይልኝ አልኳት፤ ተወችልኝ። ከዚያ ወዲህ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያላደረስኩበት ዓመት የለም። ዘንድሮ ላንተም የተሳልኩት ዝም ብዬ አይደለም።

ዝውውርህ ተፈረመ አልተፈረመ ጥለህ ውጣ! የመንግሥት ሥራ ጥሎ መሄድ ነውር አይደለም፤ ሌላ ሐኪም ያምጡ። እስክትወጣ ድረስ ግን ጾምህን ጠብቅ። ጠብታ እንዳይነካህ! አንተን ያተረፈህ ጾም ነው፤ እኔ ሌላ መድኃኒት አላውቅም።

ጓንት ሁለት ካርቶን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ከመጦሪያ ቤቱ ጠይቄ ነው፣ አልሰረቅኩም።

አበዛሽ

ባሮ ዳር
ነሐሴ 5 ቀን 1985 ዓ.ም.

እቴቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ጓንቱም የእናቴም ነገር በአንድ ቀን ደረሰኝ። ስለ እናቴ ዛሬ አልጽፍም፤ ሌላ ጊዜ፣ እጄ ሲያርፍ። አሁን የቸገረኝን ልንገርሽ።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሰዉ ለምለሙን እምቢ ብሏል። የተሰጠውን ይቀበልና ዘወር ስንል መሬት ላይ ይደፋዋል። ትናንት አራት ሰዎች ሕመምተኞቻቸውን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤታቸው መለሱ። አንደኛዋን ዛሬ ጠዋት ቀብረዋታል። እኔ ዱቄቱ ጣዕሙ አስጠልቷቸው መስሎኝ ስለ ስኳር አስብ ነበር። አባንግ ናት የነገረችኝ፣ ያውም ሁለት ቀን አፍራ ቆይታ።

“በር ላይ ማንጎው ሥር የሚቀመጠው ሽማግሌ አጓ አለ አይደል?” አለችኝ። “እሱ ሁልጊዜ አንተን ያያል።”

“ይየኝ፤ ምን አደረግኩ?”

“አትጠጣም። ፀሐይ አለ፣ ላብ አለ፣ አንተ አትጠጣም። ለሰው ሁሉ ትሰጣለህ፣ ለራስህ የለም። እኛ ጋ ሴት ጠላ ስትሰጥ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ለእንግዳ። ያልቀመሰች ከሆነ እንግዳ አይጠጣም።”

እኛም ጋ እንዲሁ ነው እቴቴ። ለእንግዳ ቀምሰሽ ነው የምታቀርቢው። እኔ ግን ይህ ሁሉ ሕዝብ እንግዳዬ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

“አንቺ በፊታቸው ትጠጪ የለ?” አልኳት።

“እኔ ለእነሱ ትንሽ ልጅ ነኝ። ትልቁ ሐኪም አንተ ነህ።”

“ታዲያ ጾም ነው በያቸዋ።”

“ብዬ ነበር። አጓ ምን አለ? እግዜሩ ‘አንተ አትጠጣ’ ያለውን ውኃ ለእኛ ለምን ያጠጣናል፣ አለ።”

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክፍሌ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ አንድ ማሰሮ ውኃ እጨርሳለሁ፤ ያን ጊዜ አጓ የለም፣ ማንም የለም። ስወጣ እንደገና ያልጠጣ ሰው ነኝ።

አሁን ምን ላድርግ? ልጠጣ ብዬ ኩባያውን ዛሬ ሁለት ጊዜ አነሣሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያቺ “ጠብታ እንዳይነካህ” ያልሽኝ ቃል ፊቴ ድቅን አለች። ያተረፈኝን ስለት አፍርሼ በሽታው ቢይዘኝ ወይም አንቺ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ምን እሆናለሁ? ሳልጠይቅሽ አላፈርስም። የንስሐ አባትሽን ጠይቂና ቶሎ ላኪብኝ። ይህንንም ሶሊ በሰው እጅ ያደርሰዋል። አኳይ እየረጨው ነው፤ “ለእናትህ ሰላም በላት፣ እኔም እንደ አንተ ጠንካራ ሆኛለሁ በላት” ይላል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ጽፌልሃለሁ ብዬዋለሁ።

ዘውዱ

ቴሌግራም
ከሮማ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1985 ዓ.ም.

ውኃ ጠጣ። አሁኑኑ ጠጣ። ስለቱ ወደ እኔ ዞሯል። አበዛሽ።

ሮማ
ነሐሴ 9 ቀን 1985 ዓ.ም.

ዘውድዬ፣ ቴሌግራሙ እንደሚቀድመኝ አውቃለሁ። የቴሌግራም ቤቱ ሰውዬ ቃል ሲቆጥር “ይህ ሁሉ ለውኃ ነው?” አለኝ። ለውኃ ነው አልኩት።

ደብዳቤህን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ወደ አባ የሮጥኩት። አባ ሰሙኝና “ልጄ ሆይ፣ በራስሽ ጉሮሮ እንጂ በሰው ጉሮሮ ማን ተሳይ አለሽ? ሕመምተኛና አስታማሚ ይጠጣ። ጾሙን አንቺ ጹሚለት” አሉኝ። ተቆጥተውኛል፤ ይገባኛል። ከእንግዲህ የቀሩትን ቀኖች ሁሉ እኔ ስላንተ ደግሜ እጾማለሁ። አንተ ማንጎው ሥር ሂድና አጓ ፊት ጠጣ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። አባ ጋ እንኳ ዛሬ ነው መጀመሪያ የተናገርኩት። እናትህ ስትታመም ውኃ ውኃ ትል ነበር። ያኔ እኛ የምናውቀው፣ የሚያስቀምጠው ሰው ውኃ ከጠጣ ይብስበታል ነው። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። እንስራው ከጀርባዬ ነበር። “አበዛዬ፣ እንጥፍጣፊ” አለችኝ። ከለከልኳት። ለእሷው ብዬ ከለከልኳት። በደረቀ አፏ ነው የሞተችው።

አንተ ሐምሌ ላይ “መድኃኒቱ በአብዛኛው ውኃ ነው” ብለህ ጻፍክልኝ። እሱን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እሱን እያወቅኩ ነው ደግሞ አንተን ጠብታ እንዳይነካህ ያልኩህ። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለኝ? ሁለታችሁንም እኔው ከለከልኳችሁ። ስለዚህ ጠጣ ልጄ፤ እየጾምክ ከምታስደስተኝ እየጠጣህ አሳርፈኝ።

አክስትህ

ባሮ ዳር
ነሐሴ 17 ቀን 1985 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ቴሌግራሙ ነሐሴ አሥራ አንድ ደረሰኝ። ሶሊ ራሱ በብስክሌት አመጣው። ቴሌ ያሉት ሁሉ ስቀዋል አሉ፤ ባሮ አፋፍ ላይ ለሚኖር ሰው ከሮማ ውኃ ጠጣ ተብሎ ሲላክ። እኔም ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

በሦስት ቀን ዘግይቷል።

ነሐሴ ስምንት ጠዋት እንደ ደንባችን ቆመን ተጠያየቅን። አኳይ “ሆዴ ደህና” አለ። አራት ሰዓት ላይ የፍሊት መርጫው ድምፅ ጠፋብኝ። መጋዘኑ ጀርባ ሄጄ አገኘሁት። መርጫውን ታቅፎ ግድግዳ ተደግፏል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ለካ ከሌሊቱ ጀምሮ ሲያስቀምጠው ነው ያደረው። ተሸክሜ አስገባሁት፣ ለምለም በኩባያ በጥብጬ አፉ ላይ አደረግኩለት። እጄን ገፋው። ምን አለኝ መሰለሽ?

“ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጠጣለሁ፣ እንደ አንተ።”

ከፍልሰታ መያዣ ጀምሮ አብሮኝ ሲጾም ነበር። በዚህ ሁሉ ሕመምተኛ መካከል እየዋልኩ በሽታው ያልነካኝ ቀን ቀን ውኃ ስለማልጠጣ ነው ብሎ አስቧል። እንደ አንተ ጠንካራ ሆኛለሁ ያለው ይህንን ነው። እኔው በእጄ ጻፍኩልሽ፣ አልገባኝም። ቀኑን ሙሉ አጠገቤ በዚያ ሙቀት ሲረጭ፣ ስምንት ቀን ሙሉ፣ አንድም ጊዜ “አኳይ፣ ውኃ ጠጣህ?” አላልኩትም። ለማላውቀው ሰው ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ የምለውን።

ለመንኩት። አባንግ በቋንቋቸው ለመነችው። ጥርሱን ነከሰ። ደም ሥሩ ጠፍቶ ነበር፤ ሁለት ቦታ ሞክረን ሦስተኛው ላይ ግሉኮሱን አስገባን፣ ግን ጊዜው አልፏል። የልብ ምቱን በቀይዋ ዘንግ ስቆጥር ዘንጓ መሄዷን ቀጠለች፣ እሱ ቆመ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልደረሰም።

ለእሱ የበጠበጥኩት ኩባያ እንደ ሞላ ነበር። ይዤው ወጣሁ። ማንጎው ሥር አጓ ተቀምጧል፣ ዙሪያው ሰው ነው። ፊታቸው ቆሜ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ጨው ጨው ይላል፤ ይህን ያህል ጊዜ ሳጠጣ ጣዕሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። አጓ ብዙ አየኝና አንድ ነገር አለ። አባንግ መተርጎሙን ፈራች፤ ንገሪኝ አልኳት።

“ለመጠጣት አኳይን ጠበቅህ ወይ፣ ይላል።”

አዎ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ወረቀት ስጠብቅ ነው የሞተብኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት በእኔ ደረሰ። አንቺን እንዳይመስልሽ የምወቅሰው እቴቴ። አንቺ በሩቅ ሆነሽ አታይም፤ እኔ ግን ኩባያውን በእጄ ይዤ ነበር።

አጓ ተነሥቶ ሄደ፤ ጨርሶ የተጣላኝ መሰለኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ታማ ቤቱ የደበቃትን ልጁን ኛቦልን ራሱ ተሸክሞ አመጣት። “ድገም” አለኝ፣ በአማርኛ፣ የሚያውቃት ቃል እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ደገምኩ። ከዚያ ለእሷ ሰጣት። ተርፋለች። በማግስቱ ወደ ክሊኒኩ የተመለሱት ቃሬዛዎች ሰባት ናቸው።

ስለ እናቴ የጻፍሽውን ሦስቴ አነበብኩት። የከለከልሻት ስለምትወጃት ነው። እኔም አኳይን እወደው ነበር፤ የሚያሳምመኝም እሱ ነው። ለሁለታችንም የሚሆን ማጽናኛ የለኝም፤ አንድ ላይ ግን እንዘን።

በዚህ ደብዳቤ ላይ ነጠብጣብ አታገኚም። የሚረጨው ሰው የለም። አባንግ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውላዋለች። ወረቀትም ስላለቀብኝ በተገኘው ላይ ነው የጻፍኩት።

አንድ ነገር ላኪልኝ። ትልቅ፣ ውስጡ የሚታይ ብርጭቆ። የቆርቆሮ ኩባያ ሰው ውስጡን ከሩቅ አያይም። ውኃው ሲጎድል እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ።

ዘውዱ

ሮማ
መስከረም 9 ቀን 1986 ዓ.ም.

ልጄ፣ አዲሱ ዓመት የዕንባህን ማበሻ ያድርግልህ።

ለአኳይ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ስሙን አስጠርቼዋለሁ። አባ “የጥምቀት ስሙ ማነው?” አሉኝ፤ “አኳይ ይበሉት፣ እግዜር ያውቀዋል” አልኳቸው። የልጄን ደብዳቤ ለእኔ ሲል ያጠበ ሰው ነው። ነጠብጣብ የሌለበትን ወረቀት ስይዝ እንደማለቅስ አላውቅም ነበር።

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። በተገኘው ላይ ነው የጻፍኩት አልክ፤ የተገኘው የዝውውር ደብዳቤህ ነው! ወደ ደብረ ታቦር፣ ማኅተም ያለበት፣ ግንቦት 18 የተፈረመ። ሰኔ ላይ “ገና አልተፈረመም” ስትለኝ መሳቢያህ ውስጥ ነበር። ሐምሌ ላይ ጥለህ ውጣ እያልኩ ስለፈልፍም እዚያው ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ያንተ ሦስት ወር ፈጀበት። ተናድጄ ወረቀቱን አጥፌ ጣልኩት። ከዚያ አንሥቼ አስተካከልኩት። እናትህ ብትኖር ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ። እኔ ትቆጣሃለች ስል እሷ “ተወው አበዛዬ” የምትል ይመስለኛል።

ብርጭቆውን ልኬያለሁ። መጦሪያ ቤቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቢራ ይጠጡበት የነበረ፣ ሲሞቱ ለእኔ የተውልኝ ነው። እጀታ አለው፣ ሊትር ይይዛል፣ ከመንደሩ ጫፍ ይታያል። እንዳይሰበር በማጠቢያ ሽርጤ ጠቅልዬዋለሁ። ሽርጡም በረኪና በረኪና ይላል፤ አትጠላውም።

መልስ ስትጽፍልኝ ያቺን “በጣም ደህና ነኝ” የምትለዋን አትጻፍልኝ። ለምጃታለሁ፣ አላምናትም። እውነቱን አንድ መስመር ይበቃኛል።

አበዛሽ

ባሮ ዳር
ጥቅምት 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

እቴቴ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ።

ብርጭቆው ደርሷል። ከአፉ ላይ ትንሽ ተሸርፏል፣ በእጀታው በኩል ስለሆነ አፍ አይነካም። ሽርጡን አባንግ ወስዳ ለራሷ አገልድማዋለች፤ አልከለከልኳትም።

አዲስ ሕመምተኛ ካየን ሦስት ሳምንት አልፎናል። አሥራ ሰባት አልጋ አጥፈን መጋዘን አስገብተናል፣ አንዱን ለማንኛውም ትተነዋል። የጠዋቱን ደንባችንን አልተውንም። አሁን ሁለት ብንሆንም ሦስተኛውን ቦታ ክፍት አድርገን ነው የምንቆመው፣ ማናችንም እንዲህ ይሁን አላልንም። ሆድ ብቻም አንጠያየቅም። “ጠጣህ?” “ጠጣሽ?” እንባባላለን፤ ያልጠጣ እዚያው ቆሞ ይጠጣል። አጓም ሲያልፍ በአጥሩ በኩል “ድገም!” ይለኛል።

ስለ ዝውውሩ ጊዜው አልፏል ብለውኛል። እንደገና ላመልክት ወይስ አላመልክት አልወሰንኩም፤ ስወስን በዚያው ቀን እጽፍልሻለሁ፣ ይህን ጊዜ እውነቱን። የምጠይቅሽ ነገር የለኝም።

አንድ መስመር ይበቃኛል ብለሽ የለ? ዛሬ ዓርብ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ጠጥቻለሁ።

ልጅሽ ዘውዱ